ባንክ አይቲ ወይስ ትንሽ ሶፍትዌር ካምፓኒ? ለጀማሪ ዴቨሎፐር

ሁለቱም ጋ መነሻ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የአዲስ አበባ ኪራይና የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እያየነው ነው። ልዩነቱ ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ላይ ነው።

ባንክ ስትገባ ደሞዙ በስኬል የታሰረ ቢሆንም ቀኑን ጠብቆ ይገባል፣ ህክምና አለ፣ ዓመቱ ጥሩ ከሆነ ሰኔ ሲዘጋ ቦነስ አለ፣ ቆይተህ ደግሞ በዝቅተኛ ወለድ የሰራተኛ ብድር ታገኛለህ፣ ቤተሰብ ለሚረዳ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እድገት ግን ክፍት ቦታ እስኪወጣ መጠበቅ ነው፣ ኮድህ ምንም ያህል ቢያምር የአገልግሎት ዘመን ይቀድምሃል። ስራውም ብዙ ጊዜ እንደ ቲ24 ያለ የደንበኞች ሂሳብ የሚያዝበት የተገዛ የባንክ ሲስተም ላይ ሪፖርት ማውጣትና ማስተካከል ነው (ቲ24 በደንብ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላም ባንክ ይፈልገዋል፣ ይሄን እውቀት አትናቀው)።

ትንሽ ካምፓኒ ጋ ደሞዝ ሊዘገይ ይችላል፣ ጡረታ የማይከፍሉም አሉ፣ ህጉ ግን ካንተ 7 ከአሰሪው 11 በመቶ ይላል ስለዚህ ሳትፈርም ጠይቅ። በምትኩ ፍላተሩም (የሞባይል አፑ ስራ) ባክኤንዱም (ከጀርባ ያለው የሰርቨር ስራ) የቴሌብር ኢንተግሬሽኑም (ክፍያውን ከአፑ ጋር ማገናኘት) አንተ ላይ ይወድቃል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የምታሳየው ስራ ይኖርሃል፣ የሪሞት ስራ ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

እኔ ኪራይ የሌለበት ሰው ትንሹን ካምፓኒ ይምረጥ እላለሁ፣ ግን ኮዱን የሚያይለት ሲኒየር ካለ ብቻ። ከሌለ ባንኩ ይሻላል፣ ማታ ማታ የራስህን ፕሮጀክት ጊትሃብ (ኮድህን አስቀምጠህ ለሰው የምታሳይበት ድረገጽ) ላይ እየሰራህ።