ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ መድኃኒት ከማዘዝ አልፎ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሳይካትሪስት ለምትፈልጉ

በመጀመሪያ ለእኚህ ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን የምጽፈው እህቴ ፈቅዳልኝ፣ ከመለጠፌ በፊትም አንብባው ነው። የዶክተሯን ስም አልጠቅስም፤ እንዳይጻፍ የለመኑኝ ራሳቸው ናቸው። ታካሚ ስለ እሳቸው የተጻፈውን አንብቦ ሲመጣ ሥራው ይበላሻል ይላሉ። ፈላጊዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እልካለሁ።

ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ናቸው፤ የሕክምና ዶክተር ስለሆኑ መድኃኒት ያዛሉ። ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒውንም (ያለፈው ሕይወታችን ዛሬን እንዴት እንደሚነካ በንግግር የሚፈልገውን ሕክምና) የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን 45 ደቂቃ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ወንበር። ይህ እዚህ አገር ብርቅ ነው። አብዛኛው ሳይካትሪስት 15 ወይም 20 ደቂቃ አይቶ መድኃኒት ያድሳል፣ ለንግግሩ ወደ ሌላ ቴራፒስት ይልካል፤ ሁለቱ ደግሞ ስልክ እንኳ ላይደዋወሉ ይችላሉ።

እህቴ ከእሳቸው በፊት ሦስት ቦታ ሄዳለች። ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እንጂ ፊቷን አላየም። ሌላው ጋ በስልክ የገባው አስተርጓሚ «ሆድ ባሰኝ» ያለችውን «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ተረጎመውና የጨጓራ ምርመራ ታዘዘላት። ምንም አልተገኘም፤ የመጣው ቢሉ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የመድኃኒቱ መጠን ጨመረ፣ ከዚያም ደግሞ ጨመረ። ሦስተኛው ቦታ በስልክ «ቴራፒ እንሰጣለን» ብለውን ስንደርስ ቴራፒ የሚሉት በወር አንዴ 30 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ።

እኚህ ዶክተር ዘንድ በሁለተኛው ቀጠሮ ያው ቃል መጣ። አስተርጓሚዋ ልትተረጉም ስትል ዶክተሯ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት። «መጀመሪያ በአማርኛ ይድገሙልኝ» አሉ። ከዚያ «ሆድ» የሚለውን ቃል ለይተው ያዙትና ሌላ ምን ምን ላይ እንደሚገባ ጠየቁ። ሆዴ ባባ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆድና ጀርባ፣ ሆድ ይፍጀው። አንድ በአንድ በራሳቸው ፊደል ጻፉት። ስለ ጨጓራ ምንም ሳያነሱ «ሆድ ያስባሰዎት ማን ነው?» ብለው ዝም አሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ጥያቄው የት እንደሚያርፍ ይገባዋል፤ ሆድ የሚያስብስ ባዳ አይደለም፣ የቅርብ ሰው ነው። እህቴ የዚያን ቀን ስለ አባታችን አወራች። ከዚያ በፊት ማንም ሐኪም ስለ አባቷ ጠይቋት አያውቅም።

የሕክምናው አካሄድ እንግዲህ ይኸው ነው። ዛሬ የሚያስጨንቀን ነገር ከድሮ ቅርርባችን የቱ ላይ እንደሚደገም መፈለግ፣ ሐኪሙ ላይ ሲደገም ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ አንስቶ መነጋገር። የቤት ሥራ ወረቀት የለውም፣ ምክርም እምብዛም አይሰጡም። መጀመሪያ አካባቢ «ይቺ ሴትዮ ምን እየሠራች ነው?» ማለት ያለ ነው፤ እንዲያውም ለእሳቸው ለራሳቸው ንገሯቸው፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል። ከሦስት ወይም አራት ቀጠሮ በፊት አትፍረዱ።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው ለመፈለግ ኢንተርኔት ላይ ባሉት የቴራፒስት ማውጫዎች «ሳይኮዳይናሚክ» የሚለውን ብቻ አትጫኑ፤ ሃያ ዓይነት ቴራፒ ደርድሮ አንዱንም በቅጡ የማይሰጥ ብዙ ነው። የአሜሪካ ሳይኮአናሊቲክ አሶሲዬሽን (ሳይኮአናሊሲስ ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ የበቀለበት ዘዴ ነው) የራሱ ማውጫ አለው፣ እዚያ ውስጥ የሕክምና ዶክተር የሆኑትን ለዩ። ስትደውሉ ደግሞ ጥያቄው ቀጥ ያለ ይሁን፦ ቴራፒውን የሚሰጡት ራስዎ ነዎት? ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ? የቀረሁበት ቀን ይከፈላል? (አዎ፣ አብዛኞቹ ያስከፍላሉ፤ ሰዓቱ የእናንተ ተብሎ ስለተያዘ ነው።) «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ብቻ ከሰጧችሁ ወደ ሚቀጥለው ደውሉ።

አሁን ገንዘቡ። ሥራዬ የሐኪም ቤት ቢል ስለሆነ ይቺን ጠበቅ አድርጌ ልጻፍ። እሳቸው ኢንሹራንስ አይቀበሉም፤ ከፍላችሁ ሱፐርቢል (የተሰጣችሁ ሕክምና በኮድ የተዘረዘረበት ደረሰኝ) ትወስዳላችሁ፣ እሱን ለኢንሹራንሳችሁ ትልካላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ኮድ 90792 ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒትና ቴራፒ በአንድ ቀጠሮ ሲሰጥ ሁለት መስመር መኖር አለበት፦ ለሐኪም ምርመራውና ለመድኃኒቱ 99213 ወይም 99214፣ ለቴራፒው 90836። ይህ 90836 ከ38 እስከ 52 ደቂቃ ላለው ቴራፒ ነው፤ ተደራቢ ኮድ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም። የላይኛው መስመር ከተረሳ ኢንሹራንሱ ይመልሰዋል፣ ብዙ ሰውም «አይከፍሉም ማለት ነው» ብሎ ይተወዋል። አትተዉት፤ አስተካክሉልኝ በሉና እንደገና ላኩት። 90833 ተጽፎ ካያችሁ ደግሞ ከ16 እስከ 37 ደቂቃ ነው የተመዘገበላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ስለ አውት ኦፍ ኔትወርክ (ከእነሱ ጋር ውል ስለሌለው ሐኪም) ጠይቁ። ዲዳክቲብሉ (እነሱ መክፈል ከመጀመራቸው በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ስንት ቀረው? ከዚያ በኋላ ስንት በመቶ ይከፍላሉ? በጣም የሚረሳው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ በመቶው የሚሰላው ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? ሐኪሙ 300 ዶላር ቢያስከፍል፣ ኢንሹራንሱ የሚያውቀው ዋጋ 180 ቢሆንና 70 በመቶ እከፍላለሁ ቢል፣ የሚመለስላችሁ 126 ዶላር እንጂ 210 አይደለም። ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ያለ ኢንሹራንስ የሚከፍል ሰው ከ2022 ጀምሮ የዋጋ ግምት በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ መከራከር ይቻላል።

ይህ ከአቅም በላይ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። የሳይኮአናሊሲስ ማሠልጠኛዎች ሠልጣኞቻቸው በመምህር ክትትል በቅናሽ የሚያክሙባቸው ክፍሎች አሏቸው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ሬዚደንቶችም (ተመርቀው ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች) ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ መማር ግዴታቸው ነው፣ ጊዜ ሰጥተው ያያሉ። ችግሩ የትምህርት ዓመታቸው በጁን መጨረሻ መዘጋቱ ነው። በማርች ብትጀምሩ ልባችሁን በከፈታችሁ ማግስት ሐኪሙ ይቀየራል። ስለዚህ «እዚህ እስከ መቼ ነዎት?» በሉ፤ ነውር የለውም።

አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ዘመድ አይሁን፤ እኔም ገብቼ አላውቅም። በየሳምንቱ አንዷ ሰው እንድትሆን ጠይቁ፣ አንዳንድ ቦታ በአስተርጓሚዋ መለያ ቁጥር ማስያዝ ይቻላል። የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠባብ ናት፤ አስተርጓሚዋ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆነች አፍ ይያዛል። እሳቸው ይህን ሳይነገራቸው ገብቷቸው ከሌላ ግዛት የምትደውል አስቀጠሩላት።

ስለ ጾምም የጠየቁ ብቸኛ ሐኪም እሳቸው ናቸው። እህቴ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ጠዋት በባዶ ሆድ የምትወስደው ክኒን እያቅለሸለሻት ታቋርጠው ነበር። ወደ ማታ፣ ከራት በኋላ አዛወሩት። በቃ። ጸበሉንም አልከለከሉም፤ ክኒኑን በድንገት እንዳታቆም ብቻ አስጠነቀቁ፣ ማዞርና ንዴት ስለሚያመጣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ውኃ ሳትጠጡ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ፤ ውኃ ሲጎድል መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወደ አሜሪካ የአስቸኳይ የአእምሮ እርዳታ መስመር 988 ይደወላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ባለፈው ጁላይ እህቴ መድኃኒት ይጨመርልኝ አለች። ሌላው ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይጨምር ነበር። እሳቸው ማስታወሻቸውን ገለጡና «አምናም በጁላይ መጨረሻ ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ለእረፍት ልሄድ ስል ነው። የዘንድሮው ሆድ የባሰዎት በእኔ ይሆን?» አሉ። ሆድ የሚለውን በአማርኛ ነው ያሉት። መጠኑ አልተጨመረም፤ የሚተኳቸውን ሐኪም ስልክ ጽፈው ሰጧት፣ የሚመለሱበትንም ቀን።

ስለዚህ ልትደውሉላቸው ካሰባችሁ አሁኑኑ ደውሉ። ኦገስት ሙሉውን ቢሮው ዝግ ነው።