የፎም ጥሩር በአዳማ ሙቀት፦ ከወራት በኋላ ምኑ ቆየ፣ ምኑ ተላቀቀ

እዚህ የሚገመገመው ቤት ውስጥ ከኢቪኤ ፎም የተሠራ የሮማ ወታደር ጥሩር ነው፦ ደረትና ጀርባ፣ ሁለት ትከሻ፣ የክንድና የቅልጥም መከላከያ፣ ራስ ቁር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለትምህርት ቤትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ ሲለበስ፣ በባጃጅ ሲጫን፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲቀመጥ ከርሟል። ፍርዱ አጭር ነው፦ ከቅልጥሙ ለስላሳ ፎም በቀር ፎሙ ምንም አልሆነም። ያረጁት ማስቲሹ፣ ማሰሪያውና ቀለሙ ናቸው።

ፎም ሲባል የፍራሽ ስፖንጅ አይደለም። ስፖንጅ ቅርጽ አይዝም፣ ማስቲሹንም ጠጥቶ ይጨርሳል። የሚፈለገው እየተገጣጠመ የሚነጠፈው የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ ወይም የነጠላ ጫማ ሶል የሚወጣበት ጠፍጣፋ ፎም ነው። ምንጣፉ አብዛኛውን ጊዜ 60 በ60 ሴንቲ ሲሆን ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ነው፤ የሚበላሸው ቁራጭ ታስቦ ለአንድ አዋቂ ስድስት ይበቃል። ለጠርዝና ለጌጥ 5 ሚሊ ይጨመርበታል። ከመግዛታችሁ በፊት በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት። ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ፣ ወይም ጠርዙ ላይ በዓይን የሚታይ አረፋ ካለ፣ ሲሞቅ የሚሸበሸበው ርካሹ ዓይነት ነው። የደረቱ ክፍል የተሠራው ከጠንካራው ነው፤ እስካሁን እንደተጠማዘዘ አለ። የቅልጥሙ ከለስላሳው ነው፤ በወራት ውስጥ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አቆራረጡ ላይ ትልቁ ጠላት የደነዘ ካተር ነው። ስለቱ ሲደነዝዝ ፎሙን አይቆርጠውም፣ ይቦጫጭቀዋል፤ የተቦጫጨቀ ጠርዝ ደግሞ ቢጣበቅም ስፌቱ ይታያል። ስለቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በአንድ ረጅም ስበት መሳብ፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አለማለት። አንድ ሁለት ሜትር ከቆረጣችሁ በኋላ የቡና ሲኒን ገልብጡና የሚያብረቀርቅ ቅብ በሌለው የታች ቀለበቱ ላይ ስለቱን በሁለቱም ጎን ጥቂት ጊዜ አሹት፤ ይመለስላችኋል።

ልኬት የሚበላሸው በውፍረት ነው። 10 ሚሊ ፎም ክብ ሆኖ ሲጠማዘዝ የውጭው ዙሪያ ከውስጡ 6 ሴንቲ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ 58 ሴንቲ ጭንቅላት ለክቶ 58 ሴንቲ የቆረጠ ሰው ራስ ቁሩ አይገባለትም። ደረቱ ላይም ያው ነው፦ በልብስ ላይ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክና የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሎ ልክ ማውጣት ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን በብብት በኩል ያን 6 ሴንቲ መጨመር ግድ ነው።

ለማጠማዘዝ የፀጉር ማድረቂያ አቅም የለውም፤ ሂት ገን (በጣም የጋለ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ፊቱ ትንሽ ማብረቅ ሲጀምር ሙቀቱን አንሱ፣ ጉልበት ላይ አጥፉት፣ እስኪቀዘቅዝ አትልቀቁት። ማብረቁ ፎሙ ፊቱን እንደዘጋም ምልክት ነው፤ ያልተዘጋ ፎም ቀለም ሲጠጣ ይውላል። ከዚያ በላይ ከሞቀ ይጨማተራል፣ የሚያስል ጭስም ያወጣል።

አሁን ወደ ማስቲሹ። ጥሩር የሚፈርሰው እዚህ ነው፣ የአዳማ አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ስስ ተደርጎ ይቀባና በጣት ጀርባ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቃል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ አቧራም አብሮ ይለጠፍበታል። ሳይደርቅ ከተጋጠመ የሚተነው ፈሳሽ መሀል ላይ ይታመቃል። በዚያው ቀን ምንም አይታይም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ስፌቱ አረፋ ያወጣና ይከፈታል። የዚህ ጥሩር የግራ ትከሻ የተላቀቀው ልክ እንዲህ ነው፤ ሲከፈት ውስጡ ገና እርጥብ ነበር፣ ሽታውም አልለቀቀም። በተቃራኒው ብዙ ከደረቀ ደግሞ አይዝም፤ ሁለቱንም ፊት በሂት ገን ለብ አድርጎ መግጠም ይመልሰዋል። ሥራው ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ከቡናው ከሰል ምድጃ ርቆ፤ የማስቲሽ ትነት በቀላሉ እሳት ይይዛል። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አያግድም።

በደንብ የተጣበቀ ስፌትም ቢሆን ክብደት የሚንጠለጠልበት ከሆነ ብቻውን አትተዉት። ከውስጥ በኩል 4 ሴንቲ ስፋት ያለው አቡጀዲ በማስቲሽ ይለጠፍበት። አቡጀዲ ካለባቸው ስፌቶች አንድም አልተከፈተም። ሮማውያንስ ቢሆኑ የብረት ዝርጎቻቸውን የሚይዙት ከውስጥ በቆዳ ማሰሪያ ነበር፤ የዚህ ጥሩር ወገብ ላይ ያሉት ተደራራቢ ዝርጎችም በዚያው መንገድ ሦስት ቦታ በጨርቅ ማሰሪያ ስለተያዙ ሲጎነበሱበት ይንሸራተታሉ እንጂ አይሰነጠቁም።

ማሰሪያ በማስቲሽ ብቻ ከተለጠፈ ፎሙን ገሽልጦ ይዞት ይመጣል። ከፎሙ ጀርባ 5 በ8 ሴንቲ ቆዳ አድርጎ በሪቬት መምታት ያድናል፤ የቦርሳ ክሊፕና ማንጠልጠያው ቦርሳ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም። ቬልክሮ ለክንድ ይሆናል፣ ለትከሻ ግን ላብና አቧራ በጥቂት ወር ውስጥ አቅም ያሳጣዋል።

ቀለም ላይ ሁለት መንገድ ተሞክሯል። ደረቱ መጀመሪያ በውሃ እኩል የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ አራት ጊዜ ተቀብቶ፣ በላዩ ጥቁር አክሪሊክ፣ ከዚያም ከብሩሹ ላይ ተጠራርጎ ሊደርቅ በደረሰ ብርማ ቀለም ተዳብሷል። ብብት ሥር ከተፋተገው በቀር አልተሰነጠቀም። ቅልጥሙ የብረት በር በሚቀባው የዘይት ቀለም ተሠራ። ሲያዩት ከደረቱ ይልቅ ብረት ይመስል ነበር፤ ዛሬ በታጠፈበት ሁሉ ቅርፊቱ እየተነሣ ነው። ፎም ይለጠጣል፣ የዘይት ቀለም ሲደርቅ አይለጠጥም።

አቀማመጡንም ከአየሩ ጋር አገናዝቡት። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ጥቁር የተቀባው ፎም ይለሰልሳል፣ ዕቃ ከተጫነበት ደግሞ እንደተጨፈለቀ ይቀራል። ሰፊ መስቀያ ላይ አንጠልጥሎ ሆዱን በአሮጌ ልብስ መሙላት ነው። ከታጠፈ በኋላ የሚመልሰው እንደገና ማሞቅ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ቀለሙን ያበላሻል።

ለባሹ ይሞቀዋል፤ ፎም አየር አያስገባም። ብብት ሥር ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ከሥር ጥጥ ከነቴራ አስለብሳችሁም ቢሆን ቀን ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆሙት። ሲወልቅ ውስጡን በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አትዘፍዝፉት።

ለልጅ የሚሠራ ሰው 10 ሚሊውን ይተወው። ጠባብ ክንድ ላይ ሲጠማዘዝ ውስጡ ይጨማተራል፣ ክርን ላይም ይፋተጋል። 5 ሚሊ ድርብ አድርጎ መለጠፍ ይሻላል፤ ሁለተኛውን ንጣፍ መለጠፍ ግን የመጀመሪያው ከተጠማዘዘ በኋላ ነው።