አልበሜን ለቀረጸልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ዘፈን ለምታስቡም ጥቆማ

ሰላም ወዳጆቼ! አልበሜ አለቀ። የመጨረሻው ማስተር (ለመልቀቅ የተዘጋጀው ቅጂ) ትናንት እጄ ገባ። እናንተ ከመስማታችሁ በፊት ግን ቀረጻውንም ሚክሱንም (ድምፅና መሣሪያውን አመጣጥኖ ማዋሃዱን) የሠራልኝን የድምፅ ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን አለብኝ።

በወጣትነቴ ባንድ ውስጥ እዘፍን እንደነበር የቅርብ ሰዎቼ ታውቃላችሁ። ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ ሥራው መጣና ሙዚቃው እዚያው ቀረ። ጡረታ ስወጣ ለዓመታት ስቋጥራቸው የኖርኩትን ዜማዎች በራሴ ስም ላወጣ ተነሳሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ስቱዲዮ ገና አንድ ስንኝ ሳልጨርስ "ግድ የለም፣ በኮምፒውተር እናስተካክለዋለን" ተባልኩ። ቅስሜ ተሰብሮ ወጣሁ።

ይኼኛው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ማይክ ፊት አላቆመኝም። ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ዘፈን በተለያየ ቶን፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ባለ የድምፅ ከፍታ፣ አስሞከረኝ። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅ አውታሮች እንደ ድሮው አይለጠጡም፤ የሴት ድምፅ ደግሞ ከማረጥ በኋላ ወፈር ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ይህንን ሳያሳቅቀኝ አስረዳኝና ላይኛው ላይ ስንጠራራበት የነበረውን ዜማ ሁለት ቶን ዝቅ አደረገልኝ። ታች በኩል እንዲህ ያለ ሙሉ ድምፅ እንዳለኝ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ማይኩን ከአፌ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለው፤ "ፐ" እና "በ" ስል የሚወጣው ትንፋሽ ፊት ለፊት እንዳይመታው ነው። ሄድፎኑ ውስጥ ሙዚቃው በርትቶብኝ ስጮህ አይቶ፣ ሙዚቃውን ቀነሰና ድምፄን በትንሽ ሪቨርብ (እንደ አዳራሽ በሚያስተጋባ ድምፅ) አሰማኝ። ሪቨርቡ ለእኔ ጆሮ ብቻ ነው፤ የሚቀዳው ንጹሁ ድምፅ ነው። ወዲያው ትከሻዬ ወረደ፣ ዜማውም ቦታውን ያዘ።

ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ያስዘፍንና ከየቅጂው የተሻለውን ስንኝ መርጦ ያያይዛል። ኦቶቲዩን (የሳተ ድምፅ የሚያስተካክለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም) ከነካም የሳተች ኖታ ላይ ብቻ ነው። የአንዱ ዘፈን መዝጊያ ላይ ድምፄ ስንጥቅ ብሎ ነበር። እኔ ይውጣ አልኩ፤ እሱ ምንም ሳይከራከር ፊት የተስተካከለውን፣ ቀጥሎ የተሰነጠቀውን አሰማኝ። አልበሙ ላይ የምትሰሙት ከነስንጥቁ ነው።

በሰዓት የሚከፈለው ሰው ሆኖ ሳለ ጉሮሮዬ ሲደክም ከእኔ ቀድሞ ያውቅና "ለዛሬ ይብቃን እትዬ" ይላል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ልቤ የዛለ ቀን ደግሞ እንግሊዛዊቷን ቫሽቲ ቡንያንን አሰማኝ። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበሟን አውጥታ ከሙዚቃ ራቀች፤ ሁለተኛውን ያወጣችው በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ "ረፈደብኝ" የሚለውን ቃል ትቻለሁ።

ሲያስረክበኝም የዘፈኑን ማስተር ብቻ አልሰጠኝም። የእያንዳንዱን መሣሪያና የድምፄን ቅጂ ለየብቻው፣ መድረክ ላይ የምዘፍንበትን፣ የእኔ ድምፅ የሌለበትን ሙዚቃ ጭምር፣ ሁሉንም ጥራቱ ሳይቀነስ በሚቀመጥበት በዌቭ ፋይል ሰጠኝ። ከማንም ጋር ብትሠሩ ይህንን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት፤ በኋላ አንድ መሣሪያ ልቀይር ስትሉ ያለ እነዚህ ቅጂዎች አይሆንም።

ፈጣን እንዳልሆነ ልንገራችሁ። በጥድፊያ ለሚሠራ ዘፈን ሌላ ሰው ፈልጉ። ድምፃችሁ ተለውጦባችሁ የፈራችሁ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ልትመለሱ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ዓይኔን ሳላሽ እሱን እጠቁማለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ እጅህ ይባረክ! ለታገስከኝ፣ ላከበርከኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ዜማችሁን በስልካችሁም ቢሆን ቀድታችሁ፣ ግጥሙን በትልልቅ ፊደል አትማችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ቀን የሚያልፈው ቶን በመፈለግ ነው፤ ሙሉ ቀረጻ ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ።