ጊቶላይት በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ፦ ከአንድ የጎንደር ቢሮ የተጠቃሚ ልምድ

ጊቶላይትን ቢሯችን ውስጥ መጠቀም ከጀመርን ዓመት ሊሞላው ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለን ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ነን። ለፋርማሲዎች የክምችት መቆጣጠሪያ፣ ለሆቴሎች የክፍል መያዣ እንሠራለን። ኮዳችን በሙሉ ውጭ አገር ባለ የጊት (የኮድን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) አገልግሎት ላይ ነበር። ኢንተርኔት ሲኖር ምንም አይልም። ሲጠፋ ግን አጠገቤ ከተቀመጠው ልጅ ኮድ ለመቀበል ፍላሽ ፍለጋ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ እዚህ የነበረ ሰው ለምን የራሳችንን ሰርቨር እንዳቆምን አይጠይቀኝም።

ጊቶላይት የጊት ሪፖዎችን (ኮዱ ከነታሪኩ የሚቀመጥባቸውን ማኅደሮች) በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በተመሰጠረ መንገድ በሚያገናኘው ስልት፣ በኩል ለብዙ ሰው የሚያካፍል ነፃ ፕሮግራም ነው። ማን የቱን ማንበብ፣ ማን የቱ ላይ መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። በፐርል ተጽፏል። ዌብ ገጽ የለውም፤ ዳታቤዝ የለውም፤ ሁልጊዜ የሚሮጥ የራሱ ሰርቪስም የለውም። ሊኑክስ ላይ «ጊት» የሚባል አንድ ተጠቃሚ ይፈጠራል። ሁላችንም የምንገባው በዚያ ስም ነው። የምንለየው በኤስኤስኤች ቁልፋችን፣ እንደ መታወቂያ በሚያገለግል ፋይል፣ ነው። የተፈቀዱ ቁልፎች በተዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ፊት አንድ ትእዛዝ ተጽፏል፤ ይህ ሰው ሲገባ ጊቶላይትን ብቻ አስነሳ የሚል። ሼል፣ ማለትም ማሽኑን እንደልብ የሚያዙበት የትእዛዝ መስመር፣ የሚባል ነገር አያገኝም። የሊኑክስ ከርነል የሚቀመጥበት ከርነል ዶት ኦርግም በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ሰርቨሮቹ በሰርጎ ገቦች ከተሰበሩ በኋላ ለገንቢዎች ሼል መስጠቱን ትቶ ወደ ጊቶላይት ዞሯል።

ያስቀመጥነው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው ግን ደህና ነው። ለኛ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ባትሪው ነው ቁም ነገሩ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር መብራት ይሄዳል። ጊት እየጻፈ እያለ ማሽኑ ድንገት ቢጠፋ ባዶ የሆኑ ፋይሎች ሪፖው ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። ላፕቶፕ ግን የራሱን ዩፒኤስ ይዞ ነው የሚመጣው። ራውተሩን በትንሽ ፓወር ባንክ ይዘነዋል። እስካሁን የተበላሸ ሪፖ አልገጠመንም። ቢሆንም በየሳምንቱ የጊትን የራሱን ምርመራ በሁሉም ሪፖዎች ላይ እናስሮጣለን።

በጣም የወደድኩት አስተዳደሩን ነው። አስተዳደሩ ራሱ የጊት ሪፖ ነው። አንድ የቁልፎች ፎልደር አለ፣ አንድ የሕግ ፋይል አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ የሕዝብ ቁልፉን ፎልደሩ ውስጥ ጨምሬ ስሙን ሕጉ ላይ ጽፌ ፑሽ አደርጋለሁ፣ ማለትም ለውጡን ወደ ሰርቨሩ እልካለሁ። አለቀ። ሲለቅ ቁልፉን አጥፍቼ ፑሽ አደርጋለሁ፤ በሩ ወዲያው ይዘጋል። ማን መቼ ምን ፈቃድ እንዳገኘ ደግሞ የኮሚት (የተመዘገቡ ለውጦች) ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። «ይህን ሪፖ ማን ነው የከፈተለት?» የሚል ጭቅጭቅ ቢሯችን ውስጥ ቀርቷል።

ሕጉ እስከ ብራንች (በአንድ ሪፖ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ድረስ ይወርዳል። ማንበብ ብቻ፣ ማንበብና መጻፍ፣ ከዚያም ታሪክን አስገድዶ መቀየር፤ ሦስቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ዋናው ብራንች ላይ መጻፍ አይችሉም። አንዱ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምክር ተከትሎ ዋናው ብራንች ላይ ፎርስ ፑሽ፣ ያንን ታሪክ አስገድዶ መቀየር፣ ሞከረ።

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ» አለኝ።

«ማን?»

«ሰርቨሩ ነዋ።»

ሰርቨሩ እምቢ ባይል የሦስት ሰው ሥራ ከዋናው ብራንች ላይ ይጠፋ ነበር።

የከበደን ነገር ያለው ከጊቶላይት ሥር ነው። ጊቶላይት ዘበኛ አይደለም፤ በሩ ላይ የቆመው የኤስኤስኤች ግንኙነቱን የሚያስተናግደው ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ራስ ያሳመመን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ነው የመጣው።

ለምሳሌ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ቁልፍ የሰበሰበ ሰው አለ። ሲገባ ሁሉንም በየተራ ያቀርባል። ኦፕንኤስኤስኤች እንደመጣ ከተተወ ከስድስት ሙከራ በላይ አይታገስም። ትክክለኛው ቁልፍ ሰባተኛ ከሆነ ሳይደርስ ይባረራል። ሰውየው «ቁልፌ አይሠራም» ብሎ ይማረራል፤ ቁልፉ ግን ምንም አልሆነም። መፍትሔው በራሱ ኮምፒውተር የኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል ላይ ለዚህ ሰርቨር ይህን ቁልፍ ብቻ ተጠቀም ብሎ መጻፍ ነው። አሁን ለአዲስ ሠራተኛ ከምንሰጠው የመጀመሪያ ቀን መመሪያ ውስጥ ገብቷል።

ሌላው፣ ያው ቁልፍ ለሼልም ለጊቶላይትም እንዳይውል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የቁልፎቹ ፋይል ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይሠራል። ምንም ትእዛዝ የሌለበት መስመር ከላይ ካለ ጊቶላይት ሳይጠየቅ ይታለፋል። ማሽኑን የምናስተዳድረው በሌላ ተጠቃሚና በሌላ ቁልፍ ነው።

አንድ ደንበኛ ጋ ያለ አሮጌ ኮምፒውተርም አስቸግሮን ነበር። አርኤስኤ የሚባለውን የቆየ የቁልፍ ዓይነት ይዞ ይመጣል፣ ሰርቨሩ አይቀበለውም። በ2021 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 8.8፣ እንደመጣ ከተተወ፣ ሻ1 በሚባለው አሮጌ ስልት የተፈረመን የአርኤስኤ ፊርማ መቀበል አቁሟል። ብዙ ሰው አርኤስኤ የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም፤ አዲስ ፕሮግራም በአዲሱ ስልት፣ በሻ2፣ ፈርሞ በዚያው ቁልፍ ይገባል። እኛ ግን ፕሮግራሙን አድሰን፣ እግረ መንገዳችንንም ኢዲ25519 ወደሚባለው አዲስ የቁልፍ ዓይነት አሸጋገርነው። ለአንድ ኮምፒውተር ብሎ የሰርቨሩን ጥበቃ ማላላት ሞኝነት ነው።

የሰርቨሩን የራሱን ቁልፍ ደግሞ ባክአፕ አድርጉት። ሲስተሙ እንደገና ቢጫን አዲስ ቁልፍ ይፈጠራል፤ ያኔ በሁሉም ሰው ስክሪን ላይ የሚያስደነግጥ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ትልቁ የጊት አገልግሎት ጊትሃብ በመጋቢት 2023 እንደ ፈረንጆቹ የአርኤስኤ ሰርቨር ቁልፉ ለአጭር ጊዜ ለሕዝብ በመታየቱ ሲቀይረው ዓለም ሁሉ ያንን ማስጠንቀቂያ አይቷል። ሰው ያለ ምክንያት እያየው ከለመደው እውነተኛው አደጋ ሲመጣም ዝም ብሎ ያልፈዋል።

እድሳት ላይ ድርድር የለም። በሐምሌ 2024፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ የደኅንነት ኩባንያው ኳሊስ ያጋለጠው የኦፕንኤስኤስኤች ቀዳዳ ያለ ምንም የይለፍ ቃል እስከ ሩት፣ ማለትም እስከ ማሽኑ ሙሉ ሥልጣን፣ ሊያደርስ የሚችል ነበር። የተደፈነው በኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ነው። የእኛ ሰርቨር በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አልተከፈተም፤ ከቤት የሚሠራ ሰው ዋየርጋርድ በሚባል ቪፒኤን ነው የሚገባው። በይለፍ ቃል መግባትም ተዘግቷል። ሆኖም የደኅንነት እድሳት ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ኔትወርኩ በደከመ ቀንም ይወርዳል። ሰበብ የለንም።

ከቤት ለሚሠሩት ሁለት ነገር ረድቷል። አንደኛው አንድ ጊዜ የተከፈተን የኤስኤስኤች ግንኙነት ለሚቀጥሉት ትእዛዞችም መጠቀም ነው። ብዙ ሪፖ በተከታታይ ፑል ሲደረግ (አዲሱ ለውጥ ከሰርቨሩ ሲሳብ) በየጊዜው አዲስ ትውውቅ የለም፤ በደካማ መስመር ላይ ልዩነቱ ያስደንቃል። ሁለተኛው ሪፖን በአንድ ፋይል የሚጠቀልለው የጊት ባንድል ነው። ክሎን (ሪፖውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን መቅዳት) መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። አዘዞ ለሚኖረው ልጅ ትልቁን ሪፖ በአንድ ባንድል ፋይል አድርገን በፍላሽ ሰጠነው። ከዚያ በኋላ የሚስበው ልዩነቱን ብቻ ነው።

ጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የሞባይል ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ዘንድሮ ያን ሳምንት ቢሮ የገባነው ሰዎች አንድም ነገር ሳይጎድልብን ሠርተናል። ሰርቨሩ ዋጋውን የመለሰልኝ ያኔ ነው።

የሚጎድለውስ? ብዙ ነው። ፑል ሪኩዌስት (ለውጥን ከመቀላቀሉ በፊት ለሌሎች እይታ ማቅረቢያ) የለም፣ የችግር መዝገብ የለም፣ ኮድ በብራውዘር ማየት የለም። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «ሊንኩን ላኩልኝ» ይላል፤ ሊንክ የለም። አንዳችን የአንዳችንን ኮድ የምናየው ወንበር አስጠግተን ነው። ለእኛ ይበቃል፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ገብቶ ማየት ለሚፈልግበት ድርጅት ግን አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ፎርጄጆ የሚባለውን የጊት ሰርቨር ፕሮግራም እመክራለሁ፤ ዌብ ገጽ አለው፣ ለትንሽ ማሽንም ቀላል ነው። ከዚያ በጣም የሚከብደውን ጊትላብን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ለመጫን የሚያስብ ካለ ግን ራሙን መጀመሪያ ይቁጠር።

የተጠቃሚ ስም በግዕዝ ፊደልም አይቀበልም። በላቲን ስንጽፍ ደግሞ ያንኑ ስም ሁላችንም በየራሳችን ነው የምንጽፈው። የቁልፉ ፋይልና ሕጉ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ከተለያዩ ሰውየው አይገባም። ጊቶላይት ይህን ራሱ አያርምም፤ እናንተ ናችሁ የምታመሳስሉት።

ቁልፍ በራሱ ጊዜ የሚያበቃበት መንገድም አልተመቸንም። የሠራተኞቹን በየወሩ መጨረሻ ከደመወዝ ዝርዝሩ ጋር እናስተያያለን፤ ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ የለቀቀ ሰው ካለ ቀድመው ይነግሩኛል። ልምምድ ላይ ያሉት ተማሪዎች ግን ዝርዝሩ ላይ የሉም። ለእነሱ የቁልፉ ፋይል ስም ላይ ከአት (@) ምልክቱ ቀጥሎ የሚጨርሱበትን ወር እንጽፋለን። ጊቶላይት ከምልክቱ በኋላ ያለውን ከተጠቃሚው ስም አይቆጥረውም፤ እኛ ግን ፎልደሩን ስንከፍት የማን ሰኔ፣ የማን መስከረም ላይ እንደሚወጣ እናያለን።