የአውቶፕሲ ሪፖርት ለአማርኛ አንባቢ ይበቃል?

አውቶፕሲ በብራያን ካሪየር የተጀመረውን «ዘ ስሉዝ ኪት» የተባለ የዲስክ መመርመሪያ መሣሪያዎች ስብስብ መሠረት አድርጎ የተሠራ፣ በነጻ የሚወርድ፣ የምንጭ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ የዲጂታል ፎረንሲክ (ከኮምፒውተርና ከመሰል መሣሪያዎች ማስረጃ የማውጣት) ፕሮግራም ነው። የጠፋ ፋይል የማውጣትና የኢንተርኔት አሰሳ ታሪክ የመልቀም ችሎታው በብዙዎች ስለተመሰከረለት እዚህ አልደግመውም፤ የምገመግመው ምርመራው ሲያልቅ የሚያወጣውን ሪፖርት ነው። ውሳኔ የሚሰጡት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላትም ሆኑ ዳኞች ሃርድ ዲስኩን አያዩትም፤ እጃቸው የሚገባው ወረቀቱ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መርማሪው በምርመራው መካከል የሚፈልገውን ፋይል ምልክት ያደርግበታል፣ ከጎኑም አጭር አስተያየት ይጽፋል። በመጨረሻ ሪፖርት ሲያዝ ሁሉም ውጤት ወይም ምልክት የተደረገበት ብቻ እንዲወጣ መምረጥ ይችላል። ቅርጹ ኤችቲኤምኤል (በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት ገጽ)፣ ኤክሴል ወይም ተራ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ የቦታ መረጃ ካለም በጉግል ኧርዝ የሚከፈት ፋይል ያወጣል። በኤችቲኤምኤሉ ላይ የመሥሪያ ቤቱን አርማ፣ የጉዳዩን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ማስገባት ይቻላል። በአማርኛ የጻፍኩት አስተያየትም ፊደሉ ሳይዛባ ወጥቶልኛል።

ችግሩ የሚጀምረው አንባቢው ላይ ነው፤ የደረሰብኝን ልናገር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ባለፈው ዓመት በቀረበ ጉዳይ፣ ሪፖርቱን ከፕሮግራሙ እንደወጣ አትሜ ለኮሚቴው ሰጠሁ። ከሰንጠረዡ መስመሮች አንዱ «2017-03-14 08:40:12» ይላል። አንድ የኮሚቴው አባል ይህን ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡40 ብለው አነበቡት፤ የተከሰሰው ሠራተኛም ያን ቀን ከሰዓት ፈቃድ ላይ እንደነበረ በማስረጃ አስረዳ። ፋይሉ የተፈጠረው ግን መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡40 ነበር። ሰውየው የስምንት ዓመት ስህተት የሠሩት በእኔ ጥፋት እንጂ በእርሳቸው አይደለም፤ ዓመተ ምሕረቱ ከእኛው ዓመት ጋር ስለገጠመ ማንም ቢሆን አይጠራጠርም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ወሳኝ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን እጽፋለሁ። የዲስኩ ምስል (የይዘቱ ሙሉ ቅጂ) ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ የተመረጠው የሰዓት ቀጠና የትኛው እንደሆነም ከላይ እገልጻለሁ፤ ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ዲስክ ሰዓቱን በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲይዝ፣ ፋት32 በተባለው ሌላ አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ግን የኮምፒውተሩን የአካባቢ ሰዓት ያለ ቀጠና ስለሚመዘግብ፣ ቀጠናው በስህተት ከተመረጠ የፍላሹ ሰዓት ብቻውን ይዛባል።

ሁለተኛው ጉዳይ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ነው። ፕሮግራሙ በቁልፍ ቃል ሲፈልግ የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። «ኃይሉ» የሚለውን ስም ሰው እንደ ልማዱ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ብሎ ይጽፈዋል፤ አራቱንም በዝርዝሩ ያላስገባ መርማሪ «ስሙ በኮምፒውተሩ ላይ የለም» ብሎ ቢፈርም ትልቅ ነገር አጥፍቷል። ይባስ ብሎ በቆዩ የፓወር ግዕዝ ዓይነት፣ ዩኒኮድ (የዓለም ቋንቋዎች የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ ፊደላት የተተየቡ ሰነዶች በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጡት ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ስለሆነ፣ በአማርኛ ቢፈለጉ አይገኙም። ስለዚህ የተፈለጉት ቃላት ከነአጻጻፋቸው፣ ያልተሸፈነውም የሰነድ ዓይነት ጭምር በሪፖርቱ ላይ መስፈር አለበት። ይህን ፕሮግራሙ በራሱ አይጽፍልህም።

የሰንጠረዡ ርእሶችም ከሚገባቸው በላይ ሊነበቡ ይችላሉ። የዩኤስቢ መሣሪያዎች ዝርዝር ፍላሽ ዲስኩ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ እንደነበረ ያሳያል፤ ፋይል ወደ ፍላሹ መገልበጡን አያሳይም፣ ማን እንደሰካውም አይናገርም። እኔ ግኝቱንና ከግኝቱ የደረስኩበትን ግምት በተለያዩ አንቀጾች እለያቸዋለሁ፤ ግምቱ ውድቅ ቢደረግ እንኳ ግኝቱ እንዳይናጋ።

የርክክብ ሰነድንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የዲስኩን ምስል ሃሽ (ይዘቱ ከተለወጠ አብሮ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) አስልቶ፣ ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር ይችላል። ዲስኩን ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንዳስረከበ ግን በእጅ የሚሞላ ቅጽ ይጠይቃል። ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲያደርግ የሚጠነቀቀውን ያህል እንኳ ለአንድ ሃርድ ዲስክ ስንጠነቀቅ አይቼ አላውቅም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን ትክክለኛነት የማስረዳት ሸክም በአቅራቢው ላይ ስለሚጥል፣ ይህ ክፍተት በችሎት ዋጋ ያስከፍላል።

በዚህ ሁሉ መካከል እጅግ የወደድኩት አንድ ነገር አለ፤ ምልክት የተደረገባቸውን ፋይሎች ብቻ ይዞ የሚወጣው ተንቀሳቃሽ የጉዳይ ቅጂ ነው። የተከሳሹ ወገን ባለሙያ ሙሉውን ዲስክ ሳይረከብ፣ በራሱ ኮምፒውተር ያንኑ ፕሮግራም ከፍቶ እኔ ያየሁትን ያያል፣ ከፈለገም ይሟገተኛል።

ስለዚህ ለአነስተኛ የኦዲት ክፍልም ሆነ ለጀማሪ መርማሪ አውቶፕሲን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሰንጠረዡን ግን አባሪ አድርጉት፤ ዋናውን ሪፖርት ራሳችሁ በአማርኛ ጻፉት። የእኔው አሁን ከ5 እስከ 7 ገጽ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰዓት ማስታወሻው በወፍራም ቀለም ተጽፏል።