በዲሲና በአርሊንግተን ራይኖፒያስ ለምትይዙ ሁሉ፦ ይህችን ባለሙያ እወቁልን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኛ በዋሽንግተን ዲሲና በአርሊንግተን የባሕር ውሃ አኳሪየም የምንይዝ ጥቂት ሐበሾች ነን። ቤት ለቤት እየዞረች አኳሪየም የምትንከባከብ አንዲት እህት አለችን። ስሜን አደባባይ አታውጡብኝ ስላለች ስሟን አንጠራም፤ ሥራዋን ግን ሳንናገር መቅረት አልቻልንም። በተለይ ራይኖፒያስ የሚባለውን የስኮርፒዮን ዓሣ ወገን የገዛችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ መቶ ዶላር፣ ቀለሙ ብርቅ ሲሆን ደግሞ ከሺህ በላይ ተከፍሎበት በወሩ ሲሞት ማየት ያማል። የሚሞተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊቀር በሚችል ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናት «ይቅርባችሁ» ማለት ስለምታውቅበት ነው። ራይኖፒያስ ሲያድግ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። አድፍጦ የሚያድን ስለሆነ አፉ የሚችለውን ዓሣና ሽሪምፕ ሁሉ በቅጽበት ስቦ ይውጣል፤ የገዛ አካሉን ግማሽ የሚያህል ዓሣ እንኳ አይመልሰውም። ስለዚህ ክላውንፊሽና ክሊነር ሽሪምፕ ያለበት ገንዳ ውስጥ አታስገባላችሁም። ትሪገርፊሽ፣ ፓፈር ወይም ኤንጀልፊሽ ካለም እንዲሁ፤ እነዚህ ደግሞ ቆዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ዘርፎች ምግብ እየመሰላቸው ይነክሱታል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል። እሷ የምትቀበለው ለአንድ ራይኖፒያስ ብቻውን 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ነው። ከከፍታው ይልቅ የወለሉን ስፋት ነው የምታየው፤ ዓሣው አይዋኝም ማለት ይቻላል፣ በደረት ክንፎቹ እየረገጠ ይሄዳል። ቦታውም ገንዘቡም ለማይበቃው ሊፍ ስኮርፒዮንፊሽ የሚባለውን ትመክራለች። እሱ ከ10 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ 30 ጋሎን ይበቃዋል፣ ዋጋውም በብዙ ያንሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ግን ትንሹን ለትልቁ መቀለብ ነው።

የሻጩን ፎቶ ብትልኩላትም ዘሩን ትለይላችኋለች። ፍሮንዶሳ ዘርፉ የበዛና ክብ ክብ ነጠብጣብ ያለው ነው። ኤሽማየሪ ዘርፉ ጥቂት ሲሆን የጀርባ ክንፉ እንደ ሸራ የተያያዘ ነው። አፋኔስ ደግሞ መላ አካሉ ላይ የተጠላለፈ መስመር አለው። በዋጋ ስለሚለያዩ ይህን ሳያጣሩ መክፈል አይገባም።

ወደ ውሃው እንምጣ። የአካባቢያችንን ውሃ የምታውቀውን ያህል የሚያውቅ አላጋጠመንም። ዲሲንና አርሊንግተንን የሚያጠጣው ዋሽንግተን አኩዌደክት አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውሃውን የሚያክመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሐዱበት ነገር) ነው፤ በጸደይ ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይለውጠዋል። ክሎራሚን በተራ ካርቦን ቶሎ አይለቅም፤ ሲፈርስ ደግሞ አሞኒያ ይተዋል። አርኦ ፊልተሩ (ውሃውን በስስ ሽፋን የሚያጣራው) አሞኒያውን ሙሉ በሙሉ አይይዘውም፤ የሚጨርሰው ከእሱ ቀጥሎ ቀሪውን የሚለቅመው የዲአይ ሬዚኑ ነው፣ በዚያው መጠን ሬዚኑ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ካታሊቲክ ካርቦን፣ ማለትም ክሎራሚንን ለማፍረስ የተዘጋጀ ካርቦን፣ ትገጥማለች፤ ከካርቦኑ በኋላ ያለውን ውሃ ስትለካም ነጻ ክሎሪንን ብቻ ሳይሆን ክሎራሚኑንም የሚጨምረውን ጠቅላላ ክሎሪን ነው የምትለካው። ነጻ ክሎሪን ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ዜሮ ሲያነብ ክሎራሚኑ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ቲዲኤሱ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ልክ) ከዜሮ ከፍ ካለ ሬዚኑን ሳትቀይር ጨው አትበጠብጥም።

ጨዉን ከመጠቀሟ በፊት ሌሊቱን በፓምፕና በሂተር ታሳድረዋለች። የጨው መጠኑ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ)፣ ሙቀቱ ከ23 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። የጨው መለኪያዋን፣ ሪፍራክቶሜትሯን፣ የምታስተካክለው በተጣራ ውሃ ሳይሆን 35 ፒፒቲ በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ነው፤ ዜሮ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ 35 ላይ ሊሳሳት ይችላልና። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ ትቀይራለች። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ከ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) በታች እንዲሆን ትጠብቃለች። ሥጋ በል ዓሣ ውሃ ስለሚያቆሽሽ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር ለገንዳው ከተጻፈው በእጥፍ የሚበልጥ እንዲሆን ትጠይቃለች፤ ይህን ስትል ወጪ ለማብዛት እንዳይመስላችሁ። የፓምፑን ውሃ መሳቢያ ሁሉ በስፖንጅ ትሸፍናለች፤ ዓሣው ባገኘው ነገር ላይ ተደግፎ ስለሚቀመጥ ክንፉ ሊሳብ ይችላል።

ትልቁ ምስጋናችን ግን ለአመጋገቡ ነው፤ አብዛኛው ራይኖፒያስ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የመጣ ዓሣ የሞተ ነገር ምግብ መሆኑን አያውቅም፤ የሚቀሰቅሰው እንቅስቃሴ ነው። በሕይወት ባለ ጎስት ሽሪምፕ ትጀምራለች፤ ሽሪምፖቹንም ባዶ ሆዳቸውን አታቀርብም፣ አንድ ቀን ቀድማ በደንብ ትመግባቸዋለች። ዓሣው ሳያመነታ መብላት ሲጀምር፣ ወዲያው የሞተ ሽሪምፕ ግልጽ በሆነ የአክሪሊክ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክታ ከፊቱ በጎን በኩል ቀስ ብላ ታሳልፈዋለች። ወደ አፉ አትገፋም፤ የተገፋበት ዓሣ ዘንጉን መፍራት ይማራል። ከዚያ በበረዶ የተያዘ ሽሪምፕ፣ ሲልቨርሳይድ የሚባል ትንሽ ዓሣ ቁራጭና ስኩዊድ እያፈራረቀች ትተካለች። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ዓሣ ወር ያልፈዋል፤ እሷም አትቸኩልም።

ወርቃማ ዓሣ ቀልቡ የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ወርቃማ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ስቡም ለባሕር ዓሣ ጉበት አይስማማም። ዓሣው ለወራት ወፍሮ አምሮበት ይታይና ድንገት ይወድቃል። ስሜልት የሚባለውም ዓሣ ያው ኢንዛይም ስላለው አታቀርበውም፤ ምግቡንም በቫይታሚን ትነክረዋለች። ለአዋቂ ዓሣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ቁራሹ ከዐይኑ እስከ አፉ ጫፍ ካለው ርቀት አይብለጥ። ከመጠን በላይ የዋጠ ዓሣ ሆዱ ውስጥ ምግቡ እየበሰበሰ ያብጣል፣ ከዚያም ያስመልሳል፤ ሳይታይ ያደረ ትፋት አሞኒያውን ያንረዋል። ያልተበላ ነገር በ10 ደቂቃ ውስጥ ይውጣ።

ዓሣውን ወደ ዋናው ገንዳ ከማስገባቷ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ለብቻው ታቆየዋለች። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን ጥገኛ የምታስለቅቀው ዓሣውን በየ72 ሰዓቱ ወደ ታጠበና ወደ ደረቀ ሌላ ገንዳ በማዛወር ነው፤ አራት ጊዜ ይዛወራል፣ የረገፈው ጥገኛ ተፈልፍሎ ሳይመለስ አሮጌው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ቬልቬት ለሚባለው በሽታ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ልዩነቱን ሳትለይ መድኃኒት አትጀምርም። ሲዛወርም በመረብ አይያዝም፣ እሾሁ ይጠላለፋል፤ በፕላስቲክ ዕቃ ከነውሃው ይቀዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር። ራይኖፒያስ በየጊዜው የላይኛውን ስስ ሽፋን ይገፋል። ከመግፋቱ በፊት ቆዳው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ አፉን ደጋግሞ ያዛጋል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ላይ የበቀለበት አልጌም አብሮ ይለቃል። ታመመ ብሎ መዳብ ያለበት መድኃኒት የሚጨምር ሰው ጤነኛውን ዓሣ ይመርዛል። እህታችን ስልክ ሲደወልላት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሲተነፍስ እንዴት ነው?» ብላ ነው። ትንፋሹ የተረጋጋ ከሆነ አትንኩት፣ የወለቀውን ቆዳ ብቻ ከፓምፑ መሳቢያ ላይ ልቀሙ። ጉንጩ በፍጥነት የሚመታ፣ ጎኑ የጎደጎደ ወይም ወደ አንድ ጎን የሚወድቅ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ትመጣለች፤ ለዚህ ቸርነቷ እጇ ይባረክ።

የጀርባውና የሆድ ክንፎቹ እሾህ መርዝ አለው። ገንዳ ውስጥ እጇን ስታስገባ ዓሣው የት እንዳለ ሳታይ አትጀምርም፤ ተመሳስሎ ስለሚቀመጥ ድንጋይ መስሎ ይታያል። ለባለቤቱም ታስተምራለች፦ ከወጋ ወዲያው የተወጋውን ቦታ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ሙቀቱን ባልተወጋው እጅ ፈትኑት፤ የተወጋው ሕመም ላይ ስለሆነ አይለየውም። ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ደውሉ፤ መተንፈስ ከከበደ፣ ፊት ካበጠ ወይም ራስን ካሳተ 911። ቁጥሩን ጽፋ ገንዳው ጎን ትለጥፋለች፤ ልጆች ባሉበት ቤት ክዳኑ ሳይቆለፍ አትወጣም።

የሠራችውንና የለካችውን ሁሉ በየጉብኝቱ ጽፋ ትተዋለች፤ አማርኛ ለሚቀናቸው ወላጆች በአማርኛ። ዋጋዋን ከመጀመሯ በፊት ትናገራለች፣ በኋላ አትጨምርም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቃዷን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። ስትጽፉ የገንዳውን ርዝመትና ስፋት፣ ውስጡ ያሉትን ዓሦች፣ የመጨረሻውን የናይትሬት ልክ አያይዙ፤ ዓሣውን ገና ካልገዛችሁ ደግሞ ሳትገዙ ጻፉ።