ትሬሱን የት እንላከው? ዬገር፣ ግራፋና፣ ኒው ሬሊክ ወይስ ዳታዶግ

አንድ የሠራነው የመሸጫ ሳይት «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ይንቀራፈፍ ነበር። የክፍያ ድርጅቱን ስናማ ከረምን። ትሬስ (አንድ የተጠቃሚ ጥያቄ በኮዱ ውስጥ ያለፈበትን ጉዞ ከእነ ሰዓቱ የሚያሳይ መዝገብ) ስናስገባ ግን ጉዱ ከራሳችን ቤት ወጣ። የክፍያው ጥሪ ቶሎ ነው የሚመለሰው፤ የኛው ኮድ ነው የትዕዛዙን ዝርዝር ለማውጣት ዳታቤዙን ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አንድ ጊዜ እየጠራ፣ ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ የሚመላለሰው። ሎግ (ፕሮግራሙ እየሠራ የሚጽፈው ማስታወሻ) ላይ ይሄ አይታይም፤ እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ሲታይ ፈጣን ነዋ!

ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትሬሱን ከኮዳችሁ ሰብስቦ እንዲልክ የምታስገቡት ላይብረሪ ኦፕንቴሌሜትሪ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፕንትሬሲንግና ኦፕንሴንሰስ የሚባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ሲዋሃዱ የተፈጠረ ነው፤ ነፃ ነው፤ ከታች የማነሳቸው ሁሉ ይቀበሉታል። ለጃንጎ፣ ለፍላስክ፣ ለኖድ፣ ለጃቫ ኮድ ብዙም ሳትነኩ ራሱ ይሰካል። የአንዱን ሻጭ ላይብረሪ በየፋይሉ ከበተናችሁት ግን ነገ ዋጋ ሲጨምር መውጫ የላችሁም።

እንግዲህ ትሬሱን ተቀብሎ የሚያሳየውን ወደ መምረጡ።

ዬገር ኡበር ቤት ተሠርቶ በኋላ ለሁሉም የተከፈተ ነው። በአንድ የዶከር ትዕዛዝ ይነሳል፣ ፖርት 16686 ላይ ትከፍቱታላችሁ፣ የጥያቄው ጉዞ ከእነ ሰዓቱ ተዘርግቶ ይታያል። ለመማሪያና ላፕቶፕ ላይ ለመሞከሪያ ወደር የለውም። ችግሩ እንዲሁ ስታስነሱት የሚያስቀምጠው ሚሞሪ ላይ መሆኑ ነው፣ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ብን ይላል። ለቁም ነገር ስትፈልጉት ከጀርባው እንደ ካሳንድራ ወይም ኢላስቲክሰርች ያለ ዳታቤዝ ልታቆሙ ነው፤ ኢላስቲክሰርች ደግሞ ራም ሲበላ አይጠረቃም። ሦስት ሰው ላለበት ቡድን ይሄ ሌላ ሥራ ነው።

ራሴ ልትከል ካላችሁ እኔ የምመርጠው ግራፋናን (መረጃውን በሥዕል የሚያሳየውን) ከእነ አጋሮቹ ነው። ለሜትሪክ (እንደ ሲፒዩ አጠቃቀም ያለ በየጊዜው የሚለካ ቁጥር) ፕሮሜቴየስ፣ ለትሬስ ቴምፖ፣ ለሎግ ሎኪ። ቴምፖ ትሬሱን ርካሽ የፋይል ማከማቻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዳታቤዝ መንከባከብ አይጠበቅባችሁም። ፕሮሜቴየስ ካልነካችሁት የ15 ቀን ብቻ እንደሚይዝ አትርሱ። ደግሞ እባካችሁ አፑ ካለበት ሰርቨር ላይ አትትከሉት! እኛ ተክለን አይተናል፤ ዲስኩ ሞልቶ ሰርቨሩ ሲተኛ ጠባቂውም አብሮ ተኛ።

መትከል የማይፈልግ ሰው ግራፋና ክላውድን ይየው። ነፃው በወር 50 ጊጋ ትሬስና 50 ጊጋ ሎግ ይቀበላል፣ ለ14 ቀን ያስቀምጣል፣ ሦስት ሰው ይገባበታል። ኒው ሬሊክ ደግሞ በወር 100 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፣ ሲመዘገቡም ካርድ አይጠይቅም። የዶላር ካርድ ያለው አለቃ ከከተማ ወጥቶ ቀናት የጠበቀ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ግን ሁሉንም ነገር የሚያይ ነፃ ተጠቃሚ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ስትጨምሩ ነው ኪስ የሚነካው።

ዳታዶግ? ሲያምር ያምራል፤ ከአራቱ ለዓይን የሚጥመው እሱ ነው። ግን በአብዛኛው በሰርቨር ብዛት ነው የሚያስከፍለው፣ ትሬሱ ለብቻ፣ የሰርቨር ክትትሉ ለብቻ፣ ሎጉ ለብቻ፣ ራሳችሁ የጨመራችሁት ሜትሪክ ለብቻ። የ14 ቀን ሙከራው ደስ ይላል፤ ቢሉ ሲመጣ ነው ጉዱ። ገቢያችሁ በብር ከሆነ ይቅርባችሁ። በዶላር የሚከፍል ደንበኛ ካላችሁና ቢሉን እሱ ከሸፈነው ግን ምን ገዶኝ።

ስህተት ሲፈጠር ብቻ ማወቅ ከበቃችሁ ይሄን ሁሉ ተዉትና ሴንትሪን አስገቡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁሉንም ትሬስ አትላኩ። የኦፕንቴሌሜትሪ ኮሌክተርን (ትሬሱን ተቀብሎ አጣርቶ የሚያሳልፈውን ፕሮግራም) በአፑና በመረጣችሁት መካከል አቁሙና ስህተት ያለበትንና የዘገየውን በሙሉ፣ ደህና ካለፈው ደግሞ ከመቶ አምስት ወይም አሥሩን እንዲያሳልፍ አድርጉ። ኮሌክተሩ ትሬሱ እስኪያልቅ ይዞ ስለሚጠብቅ ትንሽ ራም ይፈልጋል፣ ከቢሉ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም። እግረ መንገዳችሁን እዚያው ላይ የደንበኛ ስልክ ቁጥርና ስም አጥፉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ራሳችሁ ካልተከላችሁ ደግሞ ትሬሳችሁ የሚቀመጠው ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው። እኛ ጋ ስናጣራ ስልክ ቁጥሩ ዩአርኤሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘነው።